የጣና ዓሣ ፊሌቶ መሸጥ ልንጀምር ነው፤ ኤአይ ያወጣልንን ዕቅድ እንዴት ላስተካክለው?

ጠያቂ (ባሕር ዳር)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ከጣና አስጋሪዎች ቀረሶና አምባዛ እየተረከብን፣ ፊሌቶ አውጥተን፣ በግማሽ ኪሎ እያሸግን ለየቤቱ ልናደርስ ነው። ያለን አንድ ዲፕ ፍሪዘርና አንድ ባጃጅ ነው። አስጋሪዎቹ በቀን ወደ 20 ኪሎ ሙሉ ዓሣ ሊያስረክቡን ተስማምተዋል። ሽያጩን በ2019 ዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ለመጀመር አስበን ዕቅድ እንዲያወጣልን አንድ የኤአይ ረዳት ጠየቅን። የሰጠን ዕቅድ ሲያዩት ያምራል፦ ሆቴል ውስጥ የምረቃ ዝግጅት፣ ለጋዜጠኞች መግለጫ፣ በኢሜይል የሚላክ ማስታወቂያ፣ በቀን 40 ፓኬት ሽያጭ። መጀመሪያውን ፌብሩዋሪ 10 አድርጎታል። በኢሜይል ዓሣ የሚያዝ ደንበኛ ግን እኛ ጋ የለም። ለኛ የሚሆን ነገር እንዲያወጣ ምን ብዬ ልጠይቀው? በአማርኛ ይሻላል ወይስ በእንግሊዝኛ?

የሰንበት ተማሪ፦
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ቀኑን አርሚ። ፌብሩዋሪ 10 የምዕራባውያኑ ጾም የሚገባበት ቀን ነው፤ በኛ የካቲት 3 ይውላል። የ2019 ዐቢይ ጾም የሚገባው ሰኞ የካቲት 29 ነው፤ ፋሲካ ሚያዝያ 24። በዕቅዱ ብትሄዱ ጾሙ ሊገባ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው ፍሪዘር ሞልታችሁ ትቀመጡ ነበር። ያለፈውንም ዓመት ቀን እንዳትሰጪው፤ በ2018 የገባው የካቲት 9 ነበር። በዓላቱንና አጽዋማቱን ከቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ ገልብጠሽ፣ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈሽ ስጪው። ሰዓትም ስትጽፊ «ከቀኑ 8 ሰዓት» ብለሽ ብቻ አትተዪው፤ ለማታ ወይም ለጠዋት ይወስደዋል።

ሌላ አደራ አለኝ። ማስታወቂያው ላይ «የጾም ምግብ» የሚል ቃል አይግባ። በጾም ዓሣ የሚበላ ብዙ ሰው አለ፣ በፍጹም የማይበላም ብዙ ነው፤ ነገሩ በምእመናን ዘንድ የሚያከራክር ነው። ዓሣ መሆኑን ተናገሩ፣ ፍርዱን ለገዢው ተዉት።

ዓሣ ላይ የኖርኩ፦
ልጄ፣ 40 ፓኬት ከየት መጣ? ቀረሶ ተገፎ፣ ጭንቅላቱና አጥንቱ ወጥቶ ፊሌቶ ሲሆን የሚቀርሽ ሲሶው ገደማ ነው። ከ20 ኪሎ ሙሉ ዓሣ ስድስት ተኩል ኪሎ ፊሌቶ ብታገኚ ነው፤ እሱም 13 ፓኬት። 40 ፓኬት ለመሙላት በቀን 60 ኪሎ መረከብ አለብሽ። ዋጋም ስታወጪ እንዲሁ ነው፤ የአንድ ኪሎ ፊሌቶ መነሻው የሦስት ኪሎ ሙሉ ዓሣ ዋጋ ነው፤ የሠራተኛው፣ የላስቲኩ፣ የመብራቱና የባጃጁ ከዚያ በላይ ይደመራል። ያ መሣሪያ ሙሉውን ዓሣ እንደ ፊሌቶ ቆጥሮት እንደሆነ እዩ።

ዕቅዱ ወደ ክረምት የሚዘልቅ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ላቤኦባርበስ የሚባለው የጣና ዓሣ ወገን በክረምት ለመራባት ወደ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ወንዞች ይወጣል። ያን ጊዜ ወንዝ አፍ ላይ በመረብ የተያዘ ዓሣ አትረከቡ። ዘሩን ነው የምንጨርሰው።

የፖሊ ልጅ፦
አጠያየቁ ላይ ልርዳሽ። «የማስጀመሪያ ዕቅድ አውጣልኝ» ብቻ ከተባለ ለማንኛውም አገር ለማንኛውም ዕቃ የሚሆነውን ነው የሚያወጣው። መጀመሪያ ያላችሁን ንገሪው፣ ቀጥሎ እሱ እንዲጠይቅሽ አድርጊ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ባሕር ዳር ነን። ሦስት ሰዎች፣ አንድ ዲፕ ፍሪዘር፣ አንድ ባጃጅ። ትእዛዝ በስልክና በቴሌግራም፣ ክፍያ በቴሌብር። በቀን 20 ኪሎ ሙሉ ዓሣ እንረከባለን፣ ፊሌቶ የሚሆነው ሲሶው ነው። ሽያጭ የሚጀምረው የካቲት 29 ቀን 2019፣ ማርች 8 ቀን 2027 ነው። ዕቅድ ከመጻፍህ በፊት የጎደለህን አንድ በአንድ ጠይቀኝ። ያልነገርኩህን ቁጥር ከራስህ አታስገባ።»

ከዚያ ከመጀመሪያው ቀን ወደ ኋላ እየቆጠረ ሥራውን እንዲደረድር አድርጊ። ሲጨርስ «ሽያጩ በሁለተኛው ሳምንት ቆመ እንበል፤ ምን አቆመው?» ብለሽ ጠይቂው። እኔ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመኝ ይሄ ጥያቄ ነው።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ ለዕቅዱና ለሒሳቡ የሚቀልሽን ተጠቀሚ። በአማርኛ ሲሆን ጽሑፉ ብዙ ቦታ ስለሚይዝበት ነፃው አገልግሎት ቶሎ ሊያልቅብሽ ይችላል። ማስታወቂያውን ግን እናንተው በአማርኛ ጻፉት፤ እሱ የሚጽፈው ብዙ ጊዜ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመስላል። የደንበኞችን ስምና ስልክ እንዳትሰጪው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ።

የሆቴል ግዢ ሠራተኛ፦
እኔ ትንሽ ልለይ። ዕቅድ ላይ ይህን ያህል ጊዜ ከማጥፋት አሥር ቤት ናሙና ማድረስ ይበልጣል። ደንበኛ የሚመለሰው ፊሌቶው እሾህ ከሌለውና ሲቀልጥ ካልሸተተ ነው፤ ይህን ኤአይ አይቀምስላችሁም። የታሸገበትን ቀን ላስቲኩ ላይ ጻፉ። እኛ ስንረከብ መጀመሪያ የምናየው እሱን ነው።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፖሊው ልጅ እንዳለው ጻፍኩለት፤ ሆቴሉም ኢሜይሉም ወጣ። መጀመሪያ የጠየቀኝ «መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ነው። ለዚህ መልስ የለንም።

ዓሣ ላይ የኖርኩ፦
ፍሪዘሩ ሙሉ ከሆነና ክዳኑ ካልተከፈተ ሁለት ቀን ገደማ ይይዛል፤ ግማሽ ከሆነ አንድ ቀን። ክፍት ቦታውን ውኃ በሞላ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሙሉት፣ በረዶ ሆኖ ያግዛችኋል። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ መሆኑን በቴርሞሜትር እዩ። አንዴ የቀለጠውን መልሳችሁ አታቀዝቅዙ።

የሰንበት ተማሪ፦
የሆቴሉ ወንድማችን ያለውን ናሙና የነነዌ ጾም ላይ አድርጉት። ሰኞ የካቲት 15 ይገባል፣ ሦስት ቀን ነው። ዐቢይ ጾም እስኪገባ የጎደለውን የምታሟሉበት ከአንድ ሳምንት በላይ ይተርፋችኋል።

ጠያቂ፦
ይሄ ጥሩ ነው፤ እንደዚያው እናደርጋለን። ጋሼ፣ በርስዎ ሒሳብ በቀን ከ13 ፓኬት በላይ ትእዛዝ እንዳንቀበል ተስማምተናል። ዕቅዱን በዚሁ ቁጥር እንደገና እያሠራሁት ነው። ከናንተ መካከል በባጃጅ የሚጫን የበረዶ ሣጥን ባሕር ዳር ውስጥ የት እንደሚሸጥ የሚያውቅ ካለ ይጠቁመኝ።