ክርክር፦ የመርከበኝነት ትምህርት በኮምፒውተር ጅማ ላይ ይሰጥ?

ጥያቄው፦ የመርከብ መሐንዲስነት ሥልጠና የንድፈ ሐሳብ ክፍል ጅማ ላሉ የሜካኒካልና የኤሌክትሪክ ምሩቃን በዲጂታል መንገድ ይሰጥ? ወይስ ሁሉም ሥልጠናውን እስከ መጨረሻው ሥልጠናው ወደሚሰጥበት ባሕር ዳር ሄዶ ይከታተል? (ተከራካሪዎቹ የተጠሩት በጅማ ሰፈሮቻቸው ስም ነው።)

ከኪቶ ፉርዲሳ፦ ይሰጥ! ከእኛ ከጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የወጣ ልጅ የናፍጣ ሞተርንና ፓምፕን ያውቃል። የሚቀረው መርከብ ላይ እንዴት ተያይዘው እንደሚሠሩ ማየት ነው፤ ይህን ደግሞ ሲሙሌተር፣ ማለትም የመርከብን ሞተር ክፍል በኮምፒውተር የሚያስመስል መሣሪያ፣ ያሳየዋል። መምህሩ ጄነሬተሩን ድንገት ያጠፋበታል፣ ስክሪኑ በማስጠንቀቂያ ይሞላል፣ ሠልጣኙ ተጠባባቂውን አስነሥቶ ኃይል እስኪመልስ ድረስ ደጋግሞ ይሳሳታል። ባሕር መካከል እንዲህ እንዲሳሳት ማን ይፈቅድለታል?

ከሄርማታ፦ ወንድሜ፣ ስለ ሞተሩ እውነትህን ነው። እሳቱስ? ኤስቲሲደብሊው የሚባለው ዓለም አቀፍ የመርከበኞች ሥልጠና ስምምነት ሠልጣኙ የመተንፈሻ መሣሪያ አጥልቆ ጭስ የሞላበት ዝግ ክፍል እንዲገባ ያዛል። የሕይወት አድን ጃኬት ለብሶ ከከፍታ ወደ ውኃ መዝለል፣ የተገለበጠውን የነፍስ አድን ታንኳ እዚያው ውኃ ውስጥ ሆኖ ማቅናት አለበት። ከአዌቱ ወንዝ ሌላ ውኃ ሳያይ ያደገ ልጅ ፍርሃቱን የሚያውቀው ያን ቀን ነው። ያንን በቪዲዮ መተካት ሰው መግደል ነው።

ከኪቶ ፉርዲሳ፦ እህቴ፣ መዋኘትን በስልክ ይማሩ ማን አለ? የተነሣው ንድፈ ሐሳብ ነው። ስምምነቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2010 ማኒላ ላይ ሲሻሻል ስለ ርቀትና ስለ ኤሌክትሮኒክ ትምህርት መመሪያ ተካቶበታል። ወላጅ ቡናውን ሸጦ ለልጁ የቤት ኪራይ የሚልከው በንባብ ለሚያልቅ ትምህርት መሆን የለበትም።

ከፈረንጅ አራዳ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ፈተናው ነው። ትምህርቱ በኮምፒውተር ይሁን፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥም እንዲነበብ ተጭኖ ይሰጥ። ፈተናው ግን በአካል፣ መታወቂያ እየታየ ይሁን። ሌላ ሰው ተፈትኖለት የሞተር ክፍል የሚገባ መሐንዲስ የሚያጠፋው የራሱን ሕይወት ብቻ አይደለም። ደግሞም ምስክር ወረቀቱ ያለ ባሕር አገልግሎት አይገኝም፤ ቢያንስ 6 ወር በሞተር ክፍል ተረኛ ሆኖ መሥራት ግዴታ ነው። ብዙ ልጆች በኮምፒውተር አስተምረን መርከብ ላይ የልምምድ ቦታ ካላገኘንላቸው ምን እንላቸዋለን? የሠልጣኙ ቁጥር በልምምድ ቦታው ልክ ይወሰን።

ከሄርማታ፦ በዚህ ከሆነ እስማማለሁ። ነገር ግን የውኃውና የእሳቱ ልምምድ በዲጂታል ትምህርት ሰበብ አንድ ሰዓት እንኳ እንዳይቀነስ በሐሳቡ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ያ ካልተጻፈ ድምፄን አልሰጥም።