«ከተቀቀለ ሁሉም ይሆናል»?

ኮልፌ፦ ትናንት ማታ በዚህ የዓሣ አርቢዎች ቡድናችን አንዲት ጀማሪ እህታችን «ባለፈው ወር ከግቢያችን የተቆረጠ የጽድ ቅርንጫፍ አለኝ፤ ቅርጹ በጣም ያምራል። አኳሪየሜ ውስጥ ባስገባው ዓሦቼን ይጎዳቸዋል?» ብላ ጠየቀች። ያገኘችው መልስ ሦስት ቃል ነው፦ «ከተቀቀለ ሁሉም ይሆናል።» መላሹ ሁላችንም የምናከብረው ሰው ስለሆነ አመስግና ሄደች። እኔ ግን ተናድጃለሁ፤ ንዴቴንም አልደብቅም። መቀቀል እንጨቱ ላይ የሰፈረውን ይገድላል፤ ትሉን፣ የቀንድ አውጣውን እንቁላል፣ ሻጋታውን። እንጨቱን ራሱን ግን ሌላ እንጨት አያደርገውም። ጽድን ምስጥ የማይደፍረው ለምንድን ነው? የአጥር ቋሚ ሆኖ መሬት ውስጥ ዓመታት የሚቆየው በውስጡ ባለው ዘይት ነው። ምስጥ ትቶት ይሄዳል፤ 60 ሊትር ውሃ ውስጥ ያለች ጋፒ፣ ያቺ ትንሽዬ ዓሣ፣ ወዴት ትሽሽ?

አናጢ፦ መላሹ እኔ ነኝ፤ ስሜን መጥራት ትችል ነበር። ከእንጨት ጋር 20 ዓመት ኖሬአለሁ። ቤቴ ባለው አኳሪየም ውስጥ የወይራ ሥር ከገባ 4 ዓመት ሆኖታል፤ ኤንጅል ዓሦቼ እዚያው ላይ እንቁላል ጥለው ልጆቻቸውን አሳድገዋል። ያደረግሁት ምንድን ነው? ልጡን ላጥኩ፣ ያለ ሳሙና በብሩሽ ፈተግሁ፣ በግማሽ በርሜል ቀቀልኩ፤ በቃ። ወይራ እኮ አፋችን ውስጥ የምንከተው መፋቂያ ነው፤ የወተት ዕቃና የጠላ ጋን የምናጥንበት ነው። ለእኛ የተስማማ ለዓሣ እንዴት ይከለከላል?

ኮልፌ፦ መፋቂያውን ፍቀህ ትተፋዋለህ፤ ዓሣ መትፊያ የለውም። ሌት ተቀን ያንኑ ውሃ በስንጥቡ ያሳልፋል። ደግሞም ከወይራህ ጋር አልተጣላሁም፤ ደርቆ የከረመ ወይራ እኔም ቤት አለ። የተጣላሁት «ሁሉም» ከሚለው ቃልህ ጋር ነው። የተጠየቅኸው ከተቆረጠ አንድ ወር ስለሆነው ጽድ ነበር፤ አሁን የምትከራከረው ስለ ደረቅ የወይራ ሥር ነው።

አናጢ፦ «አገሩ ሁሉ ሰርግ ላይ ነበር» ሲባል ሰው ትቆጥራለህ? አነጋገር ነው።

መምህሩ፦ ወንድሜ አናጢ፣ በሰርግ ወሬ «ሁሉ» ቢባል የሚጎዳ የለም። እዚህ ግን ጀማሪ ቃልህን እንዳለ ተቀብሎ ድስት ይጥዳል። በአንተ «ሁሉም» ውስጥ ብርብራም አለ። በቡና ጥላነት የምናውቀውን ብርብራ ማለቴ ነው። ዘሩን ወቅጠው ውሃ ላይ ሲበትኑት ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ ሰጥቶ ይንሳፈፋል፤ በጣና ዙሪያ ዓሣ ሲይዙበት የኖሩበት ዘዴ ነው። ዘሩ ውስጥ ያለው ሮቴኖን የሚባል መርዝ በስንጥቡ ገብቶ የዓሣው ሰውነት በኦክስጅን እንዳይጠቀም ያግደዋል። ቅርንጫፉን ቀቅዬ ልሞክር የሚል ካለ በራሱ ዓሣ ይሞክር፤ ለሰው ግን አይምከር። ቁልቋልና ቅንጭብም በ«ሁሉም» ውስጥ አሉ፤ ወተታቸው ዓይን ውስጥ ሲገባ የሚያደርገውን የቀመሰ ያውቀዋል። ባሕር ዛፍንስ ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠነው ለምኑ ነው? ለዘይቱ አይደለም?

አናጢ፦ ብርብራን ማን አነሳ? ቁልቋል አኳሪየም ውስጥ የሚከት ሰው አሳየኝና አምንሃለሁ። ያላልኩትን ቃል አፌ ውስጥ እየጨመራችሁ ነው።

ኮልፌ፦ «ሁሉም» ብለሃል። እኛ አልጨመርንም።

ጀማሪዋ፦ ጠያቂዋ እኔ ነኝ። ዘግይታችኋል፤ ከጠዋት ጀምሮ እሳት ላይ ነው። ቤቱ በሙሉ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ይሸታል። ውሃው ሻይ መስሏል፤ ላዩ ላይ ደግሞ በማንኪያ ስገፋው ተበትኖ እንደገና የሚገጥም የሚያብረቀርቅ ነገር አለ። ሦስት ጊዜ ውሃ ቀየርኩ፤ ያው ነው። ጫፉን በጥፍሬ ስፍቀው ከልጡ ሥር ገና አረንጓዴ ነው። ምን ላድርግ?

ኮልፌ፦ እህቴ፣ እሳቱን አጥፊው። የሻይ መልኩ አያስፈራሽ፤ ከእንጨቱ የሚወጣ ታኒን የሚባል ነገር ነው፤ ከአማዞን የመጡት እነ ኒዮን ቴትራ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦች እንዲያውም ይወዱታል። የሚያስፈራኝ የሚያብረቀርቀውና ሽታው ነው። አረንጓዴነቱም እንጨቱ ገና እርጥብ መሆኑን ይነግርሻል፤ እርጥብ እንጨት ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ ውሃውን ያበላሻል። ሌላ እንጨት ፈልጊ።

አናጢ፦ አታጥፊው። እስከ ማታ ቀቅዪው፤ ከዚያ በባልዲ ዘፍዝፈሽ ለአንድ ወር በየሁለት ቀኑ ውሃ ቀይሪ። ሽታው ይሄዳል። ጽድ ያልሠራበት ሰው ነው የሚያስፈራራሽ።

መምህሩ፦ «እስከ ማታ» የምትለው በየትኛው ሙቀት ነው? አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ላይ ናት፤ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ትሉንና እንቁላሉን ለመግደል እሱም ይበቃል፤ ወፍራም ግንድ ከሆነ ግን ሙቀቱ ልቡ እስኪደርስ ሰዓታት ይፈልጋል። የሌላ አገር ሰው የጻፈውን ደቂቃ እንዳለ የምትቀዱ ይህን አስቡ።

ከሃዋሳ፦ እናንተ ከዛፍ ላይ እየቆረጣችሁ ትጣላላችሁ፤ እኔ ከሐይቅ ዳር ነው የምለቅመው። ማዕበሉ ልጡን ገፎ፣ ፀሐዩ አድርቆ፣ ዝናቡ ሙጫውን አጥቦ የጨረሰውን። ጥፍሬን እተክላለሁ፤ ከገባ በስብሷልና እጥለዋለሁ፤ ካልገባ ወደ ቤት። እንደዚያም ሆኖ ሁለት ሰዓት እቀቅለዋለሁ፤ ቀንድ አውጣውን አላምነውምና። ከዚያ እስኪሰምጥ ሦስት ሳምንት ይዘፈዘፋል። ገንዳው ውስጥ ከገባ በኋላ እንደ አብሽ ለሐጭ የመሰለ ነጭ ነገር ይለብሳል። ጀማሪ ሁሉ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው፤ አውጥቶ በበረኪና ያጥባል። በረኪና እንጨት ውስጥ ይሰርጋል፤ በቀላሉም አይወጣም። ነጩን ተዉት፤ ዓሦቹ ይግጡታል ወይም በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይጠፋል።

ቨርጂኒያ፦ ለምን ይህን ሁሉ ትደክማላችሁ? እኔ ከደቡባዊ አፍሪካ የሚመጣውን ሞፓኒ የሚባል እንጨት ከሱቅ ገዝቼ ነው የምጠቀመው። ከባድ ነው፤ ቶሎ ይሰምጣል። ለወራት ውሃውን ማቅለሙ ብቻ ነው ችግሩ፤ እሱንም ማጣሪያው ውስጥ ያለው ከሰል ይቀንስልኛል።

ከሃዋሳ፦ እህቴ፣ በየደጃችን የወደቀ እንጨት እያለ ከውጭ አገር እንጨት በዶላር እንድናስመጣ ነው ምክርሽ? ባለፈው ክረምት እኮ አብረን ነበርን፤ አብያታ ዳር ስላየሽው ደረቅ ግንድ ስታወሪ አልነበር?

ቨርጂኒያ፦ አየሁ እንጂ አነሳሁ አላልኩም። አብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ከዚያ እንጨት አይነሳም። ውሃውም ሶዳ ነው፤ ከዚያ የወጣ እንጨት ጨዋማውን ይዞ ይመጣል።

ከሃዋሳ፦ የወደቀ እንጨት የማን ነው? ካላነሳሁት ይበሰብሳል።

መምህሩ፦ ይበስብስ እንጂ። የወደቀ ግንድ የጥንዚዛው ቤት፣ የአፈሩም ምግብ ነው። መናገሻ ሱባ ጫካ ስሄድ «አንድ ቅርንጫፍ ብወስድ ምን አለበት» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሁላችንም አንድ አንድ ብንወስድስ?

ከሃዋሳ፦ እንጦጦ ላይ ማገዶ ተሸክመው ወገባቸው ለሚጎብጥ እናቶች ይህን ንገራቸው። እኔ የማነሳው አንዲት ሥር ናት።

መምህሩ፦ እነሱ ለእንጀራ ነው፤ አንተ ለጌጥ። አታስተካክላቸው።

ጀማሪዋ፦ ይቅርታ፣ የእኔ ጉዳይ ተረሳ። እሳቱን አጥፍቼ አውጥቼዋለሁ። እጄ አሁንም እርሳስ ይሸታል፤ በሎሚ ታጥቤም አልለቀቀኝም።

ኮልፌ፦ አየህ አናጢ? እጇን ያልለቀቀ ገንዳውን ይለቃል?

አናጢ፦ አንድ ቀን ብቻ ነው የቀቀለችው! አንድ ወር ብያለሁ። ቤቴ ደረቅ ጽድ አለ፤ ነገ በርሜል ውስጥ ዘፍዝፌ እጀምራለሁ፤ ውጤቱንም እዚሁ እጽፋለሁ።

ኮልፌ፦ ደረቅ ጽድ! የተጠየቅኸው ስለ እርጥብ ነበር። አሁንም ጥያቄውን ቀየርኸው።

አናጢ፦ እሺ፣ ጽዱን ተወው። ዋንዛስ? ከበሮ የሚሠራበት፣ ገበታ የሚቀርብበት እንጨት ነው። ሽታ የለው፣ ሙጫ የለው። ዋንዛ ከተቀቀለ ይሆናል ወይስ እሱንም ልትከለክል ነው?

ኮልፌ፦ ዋንዛ ስትል መጀመሪያ ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ፣ እሱን ጻፍ።