የኮንጁጌሲ ክላሶችን መጠን ብቻ አይቶ ስለ ግሩፑ ምን ማለት ይቻላል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ኤለመንት ኤክስ ኮንጁጌሲ ክላስ ማለት ጂ የግሩፑን ኤለመንቶች ሁሉ ሲሆን ከጂ × ኤክስ × ጂ⁻¹ የሚገኙት ኤለመንቶች ናቸው፤ የግሩፕ ኦርደር ደግሞ የኤለመንቶቹ ብዛት ነው። ኦርደራቸው 8 የሆኑት ዳይሂድራልና ኳተርኒየን ግሩፖች ሁለቱም የክላስ መጠናቸው 1፣ 1፣ 2፣ 2፣ 2 ነው። ስለዚህ መጠኖቹ ግሩፑን ለይተው አይነግሩንም። ታዲያ የሚነግሩን ምንድን ነው? በተለይ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። በኤስ5 (የ5 ነገሮች የቦታ ቅያሬዎች ሁሉ ግሩፕ) አንድ ክላስ የሆኑት 24ቱ ባለ5 ዑደቶች (አምስቱንም በአንድ ዙር የሚያዛውሩት ቅያሬዎች) በኤ5 (በተጋማሽ ቁጥር የጥንድ ልውውጦች የሚገኙት የኤስ5 ቅያሬዎች) ለምን ለሁለት ይከፈላሉ? መጠኑ የብቸኛ (ፕራይም) ቁጥር ርቢ (እንደ 4፣ 8 ወይም 9) የሆነ ክላስ ካለ ግሩፑ ሲምፕል (ከ1 እና ከራሱ ሌላ ኖርማል ንዑስ ግሩፕ የሌለው) አይሆንም የሚባለውስ ለምንድን ነው? ብቸኛ ቁጥር ፒ የትኛውንም የክላስ መጠን ካላካፈለስ ምን ይከተላል?

መልስ 1

የኤክስ ክላስ መጠን የሚገኘው የግሩፑን ኦርደር ለኤክስ ሴንትራላይዘር (ከኤክስ ጋር ሲባዙ ቅደም ተከተላቸው ለውጥ የማያመጣ ኤለመንቶች) ኦርደር በማካፈል ነው። ስለዚህ መጠኑ ምንጊዜም የግሩፑ ኦርደር አካፋይ ነው። 60 ለ24 ያለ ቀሪ ስለማይካፈል 24ቱ በኤ5 አንድ ክላስ ሊሆኑ አይችሉም። የአንዱ ባለ5 ዑደት ሴንትራላይዘር የራሱ 5 ርቢዎች ብቻ ናቸው፤ 60 ÷ 5 = 12፣ ስለዚህ 12 እና 12።

የኤ5 መጠኖች እንግዲህ 1፣ 12፣ 12፣ 15፣ 20 ናቸው። ኖርማል ንዑስ ግሩፕ ሙሉ ክላሶችን ነው የሚይዘው፣ 1ም አይቀርበትም። 1ን ይዘው ቢደምሩ ከ1 እና ከ60 ሌላ የሚያገኙት 13፣ 16፣ 21፣ 25፣ 28፣ 33፣ 36፣ 40፣ 45፣ 48 ነው። 60 ለአንዳቸውም ስለማይካፈል ኤ5 ሲምፕል ነው።

በግልባጩ ግን አይሠራም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በኤስ5 1 + 15 + 24 = 40 የ120 አካፋይ ነው፣ ሆኖም ንዑስ ግሩፕ አይሆንም፦ (1 2)(3 4) በ(1 2)(3 5) ሲባዛ ባለ3 ዑደት ይወጣል፤ ባለ3 ዑደት ደግሞ ከ40ዎቹ ውስጥ የለም።

መልስ 2

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ የሒሳብ ሊቁ የበርንሳይድ ውጤት ነው፣ 1904። ሪፕሪዘንቴሽን የግሩፑን ኤለመንቶች በማትሪክሶች የሚወክል ነው፤ ካራክተሩ ካይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ኤለመንት የማትሪክሱን የሰያፍ መስመር ድምር ይሰጣል። የኤክስ ክላስ መጠን ከ1 የሚበልጥ የፒ ርቢ ይሁን፣ ግሩፑም ሲምፕል ነው እንበል። ከዋናዎቹ (ኢሪዱሲብል) ካራክተሮች በሚሠራው የካራክተር ሰንጠረዥ የ1 (የገለልተኛው ኤለመንት) ዓምድና የኤክስ ዓምድ ኦርቶጎናል ስለሆኑ የካይ(1) × ካይ(ኤክስ) ድምር 0 ነው፤ ከዚህ ውስጥ የትሪቪያሉ (ለሁሉም 1 የሚሰጠው) ካራክተር ድርሻ 1 ነው። በቀሩት ሁሉ ወይ ካይ(1) በፒ የሚካፈል ወይ ካይ(ኤክስ) 0 ቢሆን ኖሮ −1/ፒ አልጀብራዊ ኢንቲጀር (መሪ ኮኤፊሸንቱ 1፣ ሌሎቹም ኢንቲጀር የሆኑ ፖሊኖሚያል ሥር) በሆነ ነበር፣ ይህ ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ ካይ(1) በፒ የማይካፈል፣ ካይ(ኤክስ)ም 0 ያልሆነ ካይ አለ። ካይ(1) እና የክላሱ መጠን ከ1 ሌላ የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ካይ(ኤክስ) ÷ ካይ(1) አልጀብራዊ ኢንቲጀር ይሆናል፣ ፍጹም ዋጋውም 1 ይወጣል። ያኔ የኤክስ ማትሪክስ ስኬላር (የአንድ ቁጥርና የአይደንቲቲ ማትሪክስ ብዜት) ነው። ሲምፕል ግሩፕ ላይ ሪፕሪዘንቴሽኑ ኢንጀክቲቭ ስለሆነ ኤክስ ሴንተር (ከሁሉም ኤለመንት ጋር ቅደም ተከተል ሳይለይ የሚባዙት) ውስጥ ይገባል፣ ክላሱም ባለ1 ይሆናል፤ ይህ ከመነሻችን ጋር ይጋጫል።

የኤ5ን 12፣ 15 እና 20 ልብ ይበሉ፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ብቸኛ አካፋዮች አሏቸው።

መልስ 3

የሦስተኛው ጥያቄ መልስ በጣም የሚያምር ነው። ፒ የትኛውንም መጠን ካላካፈለ እያንዳንዱ ሴንትራላይዘር አንድ ሙሉ ሲሎው ፒ-ንዑስ ግሩፕ (ኦርደሩ የግሩፑን ኦርደር የሚያካፍለው ትልቁ የፒ ርቢ የሆነ ንዑስ ግሩፕ) ይይዛል። ስለዚህ የአንዱ ሲሎው ሴንትራላይዘር፣ ኤች እንበለው፣ ከነኮንጁጌቶቹ ግሩፑን በሙሉ ይሸፍናል። ኤች ከግሩፑ ያነሰ ቢሆን ግን የኮንጁጌቶቹ ብዛት ከኢንዴክሱ (የግሩፑ ኦርደር ለኤች ኦርደር ተካፍሎ) አይበልጥም፣ 1ን ደግሞ ሁሉም ይጋራሉ፤ በድምሩ ቢበዛ (ኦርደር − ኢንዴክስ + 1) ኤለመንት ብቻ ይሸፍናሉ። ይህ አይበቃም። እንግዲያው ኤች ራሱ ግሩፑ ነው፤ ሲሎው ሴንተር ውስጥ ይገኛል፣ ግሩፑም የሲሎውና ኦርደሩ በፒ የማይካፈል ግሩፕ ቀጥተኛ ብዜት ይሆናል።

ለፈጣን ፍተሻ፦ በኒልፖተንት ግሩፕ (የሲሎው ንዑስ ግሩፖቹ ቀጥተኛ ብዜት በሆነ ግሩፕ) ከ1 ሌላ የጋራ አካፋይ የሌላቸው ሁለት መጠኖች ካሉ ብዜታቸውም መጠን ሆኖ መገኘት አለበት። ኤ4 (እንደ ኤ5 ያለው የ4 ነገሮች ግሩፕ) 3 እና 4 አለው፣ 12 ግን የለውም፤ ኒልፖተንት አይደለም። መጠኖቹ 1 እና ሌላ አንድ ቁጥር ብቻ ከሆኑ የሒሳብ ሊቁ ኢቶ በ1953 እንዳሳየው ያ ቁጥር የብቸኛ ቁጥር ርቢ ነው፣ ግሩፑም የፒ-ግሩፕ (ኦርደሩ የፒ ርቢ የሆነ) እና የአቤሊያን (የማባዛት ቅደም ተከተል ለውጥ የማያመጣበት) ግሩፕ ቀጥተኛ ብዜት ነው። የጠቀሷቸው ባለ8 ግሩፖች እዚህ ይመደባሉ። የተለያዩት መጠኖች 3 ብቻ ከሆኑ ግሩፑ ሶልቨብል (ደረጃ በደረጃ ከአቤሊያን ግሩፖች የሚገነባ) ነው፣ ይህም የኢቶ ነው፣ 1970። በ4 ግን አይሠራም፦ ኤ5 1፣ 12፣ 15 እና 20 አለው።