ልጄ ቪርጂኒያ ታስሯል፤ ይፈርም ወይስ አይፈርም?

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስሜን ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አልጽፍም። ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ከጓደኞቹ ጋር የሰው መኪና ውስጥ ተይዞ ሦስት ሳምንቱ። መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ “ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ቢፈርም ይቀልለታል” ይላል። ልጁ የገባው በግሪን ካርድ ነው። ይፈርም? ደግሞ ትናንት ሲደውል “እማ፣ የድዋይን ቤትስን መጽሐፍ ላኪልኝ” አለኝ። ማን ነው እሱ? ደህና ሰው ነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
አይዞሽ እህቴ። ሬጂናልድ ድዋይን ቤትስ ገጣሚ ነው፣ ጥቁር አሜሪካዊ፣ የዚሁ የሜሪላንድ ልጅ። በፈረንጆቹ 1996 ልክ በልጅሽ ዕድሜ እዚያው ቪርጂኒያ በሽጉጥ መኪና ነጠቀ። እንደ አዋቂ ተዳኝቶ ከ8 ዓመት በላይ ታሰረ። ብቻውን ተዘግቶበት ሳለ አንድ እስረኛ በበሩ ሥር መጽሐፍ አሾለከለት፣ ዳድሊ ራንዳል ያሰባሰበው የጥቁር ገጣሚያን ግጥም። እዚያ ውስጥ የገጣሚውን የኤተሪጅ ናይትን ግጥም አገኘ፣ እሱም ኢንዲያና እስር ቤት ሆኖ የጻፈ ነው። ከዚያ በኋላ ቤትስ ገጣሚ ልሁን አለ፣ ሆነም። ሲወጣ ተማረ፣ ዬል ገብቶ ሕግ ጨረሰ። በ2017 የጥብቅና ፈቃዱን በድሮ ወንጀሉ ምክንያት ይዘውበት ነበር፣ በኋላ ሰጡት።

ታክሲ ነጂው፦
ግጥሙ ይቆየን። ስሚኝ ልጄ፣ ቪርጂኒያ 14 ዓመት የሞላውን እንደ አዋቂ ሊዳኝ ይችላል። በልጆች ፍርድ ቤት ካለቀ ኢሚግሬሽን እንደ ወንጀል ፍርድ አይቆጥረውም፣ ወደ አዋቂ ፍርድ ቤት ከተሻገረ ግን ሌላ ነገር ነው። ጠበቃው መፈረሙ ከአገር መባረር ያስከትል እንደሆነ የመንገር ግዴታ አለበት፣ ከፈረንጆቹ 2010 ጀምሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወስኗል። ሳይነግርሽ እንዳይፈርም! ደግሞ አንቺ ዜግነት ወስደሻል? ከወሰድሽና ልጁ ግሪን ካርዱን ይዞ ካንቺ ጋር ከኖረ፣ 18 ሳይሞላው እሱም ዜጋ ሆኗል፣ ፓስፖርት ባይኖረውም።

ከዴንቨር፦
መኪናው የተነጠቀበት ሰውዬስ? እኔ ኡበር ስነዳ ሽጉጥ ተደቅኖብኛል። እስከ ዛሬ ማታ ማታ እጄ ይንቀጠቀጣል። ለኔ ማን ግጥም ጻፈልኝ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እግዜር ያተረፈህ ወንድሜ። ግን ቤትስ ያደረገውን ደብቆ አያውቅም፣ ግማሹ ጽሑፉ ስለዚያው ነው። ዛሬ በየእስር ቤቱ የመጽሐፍ መደርደሪያ ያስገባል።

ከዴንቨር፦
አንድ ሰው ወጣ ብላችሁ ሺውን ትረሳላችሁ። የኛ ልጆች እዚያ ገብተው ገጣሚ ሲሆኑ አላየሁም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ለአንዲት እናት እንዲህ ይባላል?

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ተዉ አትጣሉ። እናቴ ደብረ ብርሃን ናት፣ በየእሑዱ ልጁን አገናኚኝ ትላለች። ትምህርት ቤት ነው እላታለሁ። እሑድ ምን ትምህርት አለ ስትለኝ ስልኩ ተቋረጠ ብዬ ዘጋሁባት። ለጣራዋ ልልክ ያጠራቀምኩትን ብር ለሌላ ጠበቃ ላድርገው ብዬ ይኸው ሁለት ቀን እንቅልፍ የለኝም።

ታክሲ ነጂው፦
ዜጋ ነሽ ወይስ አይደለሽም? እሱን መልሺልኝ።

ከዴንቨር፦
ለእናትሽ እውነቱን ንገሪ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
አንተ ደግሞ! አሮጊቷን ልትገድላቸው ነው?

የአሌክሳንድሪያዋ፦
መጽሐፉን አግኝቼዋለሁ፣ ግን ሽፋኑ ጠንካራ ካርቶን ነው፣ እንዲህ ያለው አይገባም አሉኝ። ስሱ ሽፋን ያለው ያላችሁ አላችሁ?