የምርጫ ወረቀቴ ላይ የትምህርት ቦርድ ብቻ?

እህት ከጀርመንታውን፦ ሰላም ለቤቱ። ዜግነት ካገኘሁ ሁለት ዓመቴ ነው። የሜሪላንድ ቅድመ ምርጫ ወረቀቴ በፖስታ መጣ። ብከፍተው የትምህርት ቦርድ ዕጩዎች ብቻ! አገረ ገዥ የለ፣ የካውንቲ ካውንስል የለ። የባለቤቴ ላይ ግን ሁሉም አለ። ዜግነቴ ላይ ችግር ኖሮ ይሆን? ከትናንት ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ታክሲ ነጂው፦ እህቴ ተረጋጊ፣ ዜግነትሽን ማንም አልነካውም። ስትመዘገቢ ፓርቲ የሚለው ቦታ ላይ ምን ሞላሽ?

እህት ከጀርመንታውን፦ የማንም አባል አይደለሁም አልኩ። አገር ቤት "አባል ካልሆንሽ ሥራ የለም" ሲሉኝ እምቢ ብዬ የወጣሁ ሰው፣ እዚህ መጥቼ ልሁን?

ታክሲ ነጂው፦ በቃ እሱ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በቅድመ ምርጫ የፓርቲውን ዕጩ የሚመርጠው በዚያው ፓርቲ የተመዘገበ ብቻ ነው። የትምህርት ቦርዱ ግን ፓርቲ ስለሌለው ለሁሉም ይደርሳል። እዚህ አባልነት ማለት መዋጮ የለው፣ ግምገማ የለው፣ አንድ ለአምስት የለው። ፎርም ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ህዳር ላይ በአጠቃላይ ምርጫው ደግሞ ደስ ያለሽን ትመርጫለሽ። ግን እዚህ ካውንቲያችን ሞንትጎመሪ ውስጥ ዋናው ፍልሚያ ቅድመ ምርጫው ነው፤ ዴሞክራቱ ካለፈ የህዳሩ ለወጉ ነው። በ2022 በዴሞክራቶቹ ቅድመ ምርጫ ለካውንቲው ሥራ አስፈፃሚነት ማርክ ኤልሪች ዴቪድ ብሌርን ያሸነፈው በ32 ድምፅ ነው፣ ያውም ድጋሚ ተቆጥሮ። ክርስትና ስናነሳ እንኳ ከዚያ በላይ ሰው እንጠራለን! ፓርቲ መቀየር የሚቻለው ግን ከቅድመ ምርጫው 21 ቀን በፊት ድረስ ነው።

ከአሌክሳንድሪያ፦ ቨርጂኒያ ኑ እንጂ! እኛ ስንመዘገብ ፓርቲ የሚጠይቀን የለም።

ባለ ግሪን ካርዱ፦ ጋሼ፣ ታኮማ ፓርክ ዜጋ ያልሆነም ይመርጣል የሚባለው እውነት ነው?

ታክሲ ነጂው፦ እውነት ነው፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ። ግን ለከተማዋ ምርጫ ብቻ! ለካውንቲ፣ ለስቴት፣ ለፌዴራል እንዳትሞክራት። የዜግነት ማመልከቻው "ተመዝግበህ ወይም መርጠህ ታውቃለህ?" ብሎ ይጠይቅሃል። መጀመሪያ ጠበቃ አማክር።

የስልቨር ስፕሪንጓ፦ እናንተ ምርጫ ምርጫ በሉ። እኔ ኪራይ ጨምሮብኛል፣ ወንድሜ ደግሞ "ባጃጅ ልግዛ፣ ብር ላኪ" እያለ በየቀኑ ይደውላል። አሜሪካ ብር ከዛፍ የሚለቀም ይመስለዋል።

ታክሲ ነጂው፦ ኪራዩን ማን የሚወስን መሰለሽ? የካውንቲው ካውንስል እኮ በ2023 ጭማሪው በዓመት ከ6 በመቶ እንዳያልፍ ሕግ አውጥቷል።

የስልቨር ስፕሪንጓ፦ አዬ ጋሼ! ሕንፃው 23 ዓመት ካልሞላው ሕጉ አይመለከተውም አሉኝ። የኔው ገና አዲስ ነው። ታዲያ ለማን ብዬ ልሰለፍ?

ታክሲ ነጂው፦ ይሄንን የሚሉት ሁሉ ናቸው በ32 ድምፅ የሚያስወስኑብን!

ከአሌክሳንድሪያ፦ ጋሼ፣ ምን አስቆጣህ? እሷ ስለ ባጃጁ ነው ያወራችው።

የስልቨር ስፕሪንጓ፦ ደግሞ ባለ አራት እግሩን ነው የሚፈልገው። ባለ ሦስቱ አይበቃውም?

እህት ከጀርመንታውን፦ ጎበዝ፣ ሃያ አንዱ ቀን ከየትኛው ቀን ነው የሚቆጠረው? ይሄን የትምህርት ቦርዱንስ ሞልቼ ልላከው ወይስ ልጠብቅ?

ባለ ግሪን ካርዱ፦ ባለ አራት እግሩ ባጃጅ ዋጋው ስንት ገባ?