የቶኪዮ ዶሙን ሬስሊንግ ልጽፍበት ነው፤ ዋናው ግጥሚያ ላይ ግን እንቅልፍ ወሰደኝ

ጀማሪው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጭንቅ ላይ ነኝ፣ እርዱኝ።

ስድስት ጓደኛሞች ነን። በየሳምንቱ አንዳችን አንድ የቆየ የሬስሊንግ ሾው አይተን አንድ ሁለት ገጽ እንጽፋለን፣ ቅዳሜ ማታ ይነበባል። ተራዬ ደረሰና ዕጣው ሬስል ኪንግደም 11 ወጣልኝ። የኒው ጃፓን ፕሮ ሬስሊንግ የዓመቱ ትልቁ ሾው፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 2017 ቶኪዮ ዶም ውስጥ የተደረገው። በኛ ታኅሣሥ 26 ቀን 2009፣ ገና ሦስት ቀን ሲቀረው።

እኔ ያደግኩት በአንደርቴከርና በጆን ሲና ነው። የጃፓን አይቼ አላውቅም። ሁሉም ሰው «የካዙቺካ ኦካዳና የኬኒ ኦሜጋን እይ» ስላለኝ ቀጥታ ወደ መጨረሻው ግጥሚያ ሄድኩ። 46 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ! መጀመሪያ ላይ ይያያዛሉ፣ ይለቃቀቃሉ፣ ገመድ ይደገፋሉ፣ እንደገና ይያያዛሉ። ተመልካቹም ዝም። ለቅሶ ቤት መሰለኝ። ሳላውቀው እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ስነቃ ኦካዳ ቀበቶውን ይዞ ቆሟል።

እስካሁን የጻፍኩት ይቺን ነው፦ «ኦካዳ በጣም ጠንካራ ነው። ኦሜጋም በጣም ጠንካራ ነው። ብዙ ተመታቱ። በመጨረሻ ኦካዳ አሸነፈ። ቆንጆ ግጥሚያ ነበር።»

እንደምትስቁ አውቃለሁ። ምን ሳላይ ነው ያለፈኝ? ደግሞ ሾው ላይ መክፈቻውን ጨምሮ 11 ግጥሚያ አለ፣ ዳታዬ ሁሉንም አይችልም። የትኞቹን ልይ?

የቪዲዮ ቤት ልጅ

አልሳቅኩም። ትንሽ ብቻ።

ወንድሜ፣ የተኛህበት ቦታ እኮ ታሪኩ የተዘራበት ነው። አንተ የለመድከው ሰውዬው በሩን በርግዶ ገብቶ፣ ወንበር አንስቶ፣ በአስር ደቂቃ የሚጨርሰውን ነው። እዚያ ዋናው ግጥሚያ በማስታወቂያ አይቆረጥም። ዳኛውም ከሪንግ ውጭ ላለ ሰው እስከ 20 ነው የሚቆጥረው፣ እስከ 10 አይደለም። ስለዚህ ጊዜ አላቸው፣ ቀስ ብለው ያበስሉታል።

ዝምታውንም በተሳሳተ መንገድ ነው ያየኸው። የጃፓን ተመልካች ዝም ሲል እያየ ነው። መጀመሪያ ላይ ዝም ያለው ያ ሕዝብ ወደ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ድምፁን ከፍ አድርገህ ስማ። የዝምታውን ዋጋ የምታውቀው ያኔ ነው።

አሁን ዋናውን ቁልፍ ልስጥህ። ኦሜጋ ዋን ዊንግድ ኤንጅል የሚባል የመጨረሻ ምት አለው። ሰውየውን ትከሻው ላይ ያስቀምጠውና በጭንቅላቱ ይጥለዋል። እሱን ከቀመሰ በኋላ የሚነሳ የለም ማለት ይቻላል፣ ሁሉም ያውቃል። በዚያ 46 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሞከረና ስንት ጊዜ እንደተሳካለት ቁጠር።

መልሱን ልንገርህ? አንድም ጊዜ አልተሳካለትም። ኦካዳ በየመንገዱ ያመልጣል። ከትከሻው ይንሸራተታል፣ ይገለብጠዋል፣ ብቻ አይቀምሰውም። ኦሜጋ በጉልበቱ ፊቱን ሲደበድበው ያመሻል (ቪ-ትሪገር ይሉታል፣ ሮጦ በጉልበት)፣ ግን በሩን የሚከፍተው ቁልፍ እጁ አልገባም። እንግዲህ «ብዙ ተመታቱ» ከምትል ይቺን ጻፍ።

ሌሊት ፈረቃ

እኔ ይህን ሾው በቀጥታ ነው ያየሁት። ያኔ ቨርጂኒያ ፓርኪንግ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበርኩ። ሾው የጀመረው በቨርጂኒያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ስልኬን ገንዘብ መቀበያው ስር ደብቄ። ኦካዳና ኦሜጋ ሲገቡ ሊነጋጋ ነበር፣ የጠዋት ደንበኞች መምጣት ጀምረዋል። አንዱ ትኬቱን ዘርግቶልኝ እኔ ስልኬ ላይ «ውይ!» ብዬ ጮህኩበት።

ያስጮኸኝ ምን መሰለህ? ኦሜጋ እየሮጠ ሲመጣ ኦካዳ ከፍ አድርጎ በገመዱ ላይ አሻግሮ ወረወረው። ውጭ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ሰውየው ከላይኛው ገመድ በላይ ተወርውሮ ጠረጴዛውን ሰንጥቆ ወረደ። ዳኛው መቁጠር ሲጀምር እኔ «በቃ፣ አይነሳም» ብያለሁ። ተነሳ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ራሱ ኦሜጋ ኦካዳን ከላይኛው ገመድ ላይ፣ ከኋላ ሁለት እጁን ቆልፎ፣ ወደ ኋላ ጣለው። በአንገቱ ነው የወረደው። ይህንን ሁለቱን ፈልገህ እይ፣ የምትጽፈው አይጠፋህም።

የኦካዳ ሬይንሜከርስ? አንጓህን ይይዝና ወደ ራሱ ስቦህ በክንዱ አንገትህን ይልሃል። ሌላውን ሰው አንዴ ይበቃዋል። ኦሜጋን አልበቃውም። ሲነሳ የዶሙን ጩኸት ስማው። መጨረሻው ላይ አዙሮ ቶምስቶን (ቁልቁል ገልብጦ በጭንቅላቱ መጣል)፣ ከዚያ ሬይንሜከር፣ ሦስት ተቆጠረ።

እታለም

እኔ ልቃወም።

ግጥሚያው ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን ረጅም ነው፣ አሥር ደቂቃ ቢቀነስለት ምንም አይጎድልበትም። ሁሉም የሚያወራው ዴቭ ሜልዘር የሚባለው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ከአምስት ኮከብ ስድስት ስለሰጠው ነው። ከአምስት ስድስት! ፈተና ላይ ብናገኘው አስተማሪው ይጠራ ነበር። ጽሑፍህን በኮከብ አትጀምር። ኮከቡ የሱ ነው፣ አንተ ያየኸውን ጻፍ።

ለኔ የዚያን ቀን ምርጡ ከሱ በፊት የነበረው የቴትሱያ ናይቶና የሂሮሺ ታናሃሺ ነው። ግን ታሪኩን ካላወቅህ እንደገና ትተኛለህ፣ ስለዚህ ልንገርህ።

ናይቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ጂ1 የሚባለውን የበጋ ውድድር አሸነፈ። ሽልማቱ ጃንዋሪ 4 ቶኪዮ ዶም ላይ ለዋናው ቀበቶ መጋጠም ነው። ከኦካዳ ጋር። የመጨረሻው፣ ትልቁ ግጥሚያ። ግን ሕዝቡ ናይቶን አልወደደውም ነበር። ኩባንያው ምን አደረገ? ሕዝቡ ድምፅ ይስጥ አለ። ሕዝቡም የናይቶን ግጥሚያ ከመጨረሻ አውርዶ የታናሃሺንና የሺንሱኬ ናካሙራን አስቀመጠ፣ ለሁለተኛው ቀበቶ፣ ለኢንተርኮንቲነንታሉ። ሠርግህ ላይ እንግዶቹ ድምፅ ሰጥተው ሌላ ሙሽራ ሲያስገቡ አስበው። ያን ምሽት ናይቶ ተሸነፈ፣ ታናሃሺ አሸነፈ።

ከዚያ ናይቶ በ2015 ሜክሲኮ ሄደ፣ ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ። ማንንም የማይለማመጥ፣ የማይቸኩል፣ «ትራንኪሎ» (በስፓኒሽ «ተረጋጋ») የሚል። ሕዝቡ አሁን ያብድለታል። በ2017 ቶኪዮ ዶም የመጣውም የትኛውን ቀበቶ ይዞ ነው? ያንኑ ኢንተርኮንቲነንታል። እንደ አሮጌ ጫማ ይወረውረዋል። ፊቱ የቆመው ማነው? ያው ታናሃሺ። ናይቶ አሸነፈ። አንዱ የሌላውን ጉልበት ሲያደቅ፣ ናይቶ ሲዘገይ፣ ታናሃሺ ሲናደድ፣ ሁሉ ትርጉም አለው። ያንን 25 ደቂቃ እይና ንገረኝ።

የቪዲዮ ቤት ልጅ

እታለም፣ አሥር ደቂቃ ቢቀነስ ያልሽው አልዋጠልኝም። ያ አሥር ደቂቃ ነው ኦሜጋን የሚያደክመው። ሳይደክም ከጠረጴዛው ቢነሳ ማን ያምናል?

እታለም

አንተ 46 ደቂቃውን ስንት ጊዜ አየኸው?

የቪዲዮ ቤት ልጅ

አራት። እሺ፣ አንዱን እየዘለልኩ።

ጀማሪው (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እታለም፣ የሠርጉ ነገር ገደለኝ። ዛሬ ማታ የናይቶን አያለሁ። ግን ከኛ መካከል አንዱ ሁልጊዜ «ድራማ ነው፣ ውጤቱ ቀድሞ ይታወቃል፣ ምኑ ይገመገማል?» ይላል። ቅዳሜ እንደሚለኝ አውቃለሁ። ምን ልመልስለት?

ሽማግሌው

ልጄ፣ አትከራከረው። ትክክል ነው፣ ማን እንደሚያሸንፍ ተወስኗል። የሂሮኦኪ ጎቶንና የካትሱዮሪ ሺባታን ግጥሚያ ብቻ አሳየው። እዚያው ሾው ላይ ነው፣ ኔቨር ለሚባለው ቀበቶ። 16 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ዳታህንም አይበላም።

ሁለቱ ሁለተኛ ደረጃ አብረው የተማሩ የክፍል ጓደኞች ናቸው። ሌላ ሰው ላይ የማይሰነዝሩትን እርስ በርስ ይሰነዝራሉ። ጠረጴዛ የለም፣ ከገመድ መዝለል የለም። ቁጭ ብሎ መመታት፣ ተነስቶ መምታት። ግንባር ከግንባር ሲጋጩ ድምፁ ይሰማል። ጎቶ አሸነፈ።

እኔ ይህን ግጥሚያ አሁን ሳየው ደስ አይለኝም። ለምን በል። ሺባታ ከሦስት ወር በኋላ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 2017፣ ከራሱ ከኦካዳ ጋር ተጋጠመ። በግንባሩ ገጨው፣ ደም በፊቱ ወረደ። ግጥሚያውን ተሸንፎ ከመድረኩ ከወጣ በኋላ ወደቀ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ነበር፣ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። መደበኛ ግጥሚያ ለማድረግ እስከ ጃንዋሪ 2022 ጠበቀ። ውጤቱ ቀድሞ መታወቁ ግንባሩን አላዳነውም። ጓደኛህ «ድራማ ነው» ሲልህ ይህን ንገረው፣ ከዚያ ዝም በል።

በጽሑፍህ ግን «ጀግና ነው» ብለህ እንዳታልፍ። እኔ ያን ዓይነት ግንባር መግጨት ቢቀር ደስ ይለኛል። አንተም የሚሰማህን ጻፍ።

ሌሊት ፈረቃ

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። እኔም ያኔ እያጨበጨብኩ ነበር ያየሁት።

እታለም

ለዳታህ ስትል የቀሩትን በአጭሩ፦ የሂሮሙ ታካሃሺና የኩሺዳን እይ፣ ቀላል ክብደት ናቸው። ሂሮሙ አንገቱ የሱ እንዳልሆነ ነው የሚዘለው። ቀበቶውን ወሰደ፣ ኤፕሪል ላይ ደግሞ ኩሺዳን ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ አሸነፈው። ኮዲ ከአሜሪካ መጥቶ ጁስ ሮቢንሰንን ያሸነፈበትን እለፈው፣ ኮዲን ካልወደድከው በቀር። ታይገር ማስክ ደብልዩ የጃፓን ካርቱን ጀግና ነው፣ ለልጆች ጥሩ ነው። የቡድን ግጥሚያዎቹ ይቆዩ። መክፈቻው ብዙ ሰው ሪንግ ላይ የሚግተለተልበት ነው፣ ቡና እያፈላህ ብታየው ይበቃል።

የቪዲዮ ቤት ልጅ

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ልጨምር። እያየህ አትጻፍ። ዓይንህ ወረቀት ላይ ሲሆን ነው የሚያመልጥህ። ካለቀ በኋላ አሥር ደቂቃ ቆይተህ የምታስታውሰውን ብቻ ጻፍ። ያልታወሰህ ባይጻፍም ይሁን። የእያንዳንዱን ምት ስም ለማወቅም አትጨነቅ፣ «በጉልበቱ ፊቱን መታው» በል፣ ሁሉም ይገባዋል።

ኦሜጋ ማን እንደሆነም ሁለት ዓረፍተ ነገር ስጥ። ካናዳዊ ነው፣ ከዊኒፔግ። ጃፓንኛ አቀላጥፎ ይናገራል። በ2016 ጂ1ን ያሸነፈ የመጀመሪያው የውጭ ሰው ነው። ኦካዳ ደግሞ ያኔ ገና 29 ዓመቱ ነው፣ ኩባንያው ጀርባው ላይ ነው። ይህን ካላወቁ አንባቢዎችህ ማን ላይ እንደሚጨነቁ አያውቁም።

ጀማሪው (ጠያቂ)

ተመልሻለሁ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ናይቶን አየሁ። ጎቶና ሺባታን አየሁ፣ አንዳንዱን ፊቴን ሸፍኜ በጣቶቼ መሃል። ከዚያ ኦካዳና ኦሜጋን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ፣ ቆሜ እያየሁ እንዳልተኛ።

የቪዲዮ ቤት ልጅ፣ ኦሜጋ ኦካዳን ትከሻው ላይ ባወጣው ቁጥር «አሁን» እላለሁ። የለም። አሁንስ? የለም። መጨረሻ ላይ እኔው ነኝ የተናደድኩት። አዲሱ መግቢያዬ ይኼ ነው፦

«ኬኒ ኦሜጋ 46 ደቂቃ ሙሉ አንድ በር አንኳኳ። ኦካዳ አልከፈተለትም።»

እንዴት ነው? እታለም፣ ባንቺም እስማማለሁ፣ ትንሽ ይረዝማል። ግን የሚቀነሰው የቱ እንደሆነ ማግኘት አልቻልኩም።

እታለም

መግቢያው ጥሩ ነው። የሚቀነሰውን እኔም አላገኘሁትም፣ ለቪዲዮ ቤቱ ልጅ ግን አትንገረው።

ሽማግሌው

ጥሩ ነው ልጄ። ከጻፍክ አይቀር በሩ መቼ እንደተከፈተም እይ። ጁን 11 ቀን 2017 ኦሳካ ላይ እንደገና ተገናኙ። ያኔ ኦሜጋ ዋን ዊንግድ ኤንጅሉን አገኛት፣ ግን የኦካዳ እግር ገመድ ላይ አረፈ፣ ቆጠራው ቆመ። 60 ደቂቃ ሞልቶ እኩል ወጡ። ኦገስት ላይ ጂ1 ውስጥ ሦስተኛ ጊዜ ተጋጠሙ፣ ያን ቀን ገመዱ ሩቅ ነበር። 25 ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም፣ ኦሜጋ አሸነፈ።

ጀማሪው (ጠያቂ)

60 ደቂቃ?! ጋሼ፣ ዳታዬ 200 ሜጋ ናት የቀረችው።

ሌሊት ፈረቃ

ጥራቱን ዝቅ አድርገህ እየው። እኔ ዶሙን ያየሁት እንደዚያ ነው፣ ኦሜጋ ጠረጴዛው ላይ ሲወድቅ ስምንት ካሬ ሆኖ ነው የወደቀው። አመመኝ ግን።