«ነባር ተወዳዳሪ» ወይስ «በሥልጣን ላይ ያለ ተወዳዳሪ»?

ማራኪ (ጎንደር)፦

ጤና ይስጥልኝ። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ምርጫ የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ሳለ «ኢንከምበንት» የሚለው ቃል አስቸገረኝ። ቃሉ በአሁኑ ጊዜ ሥልጣኑን ይዞ የሚገኘውን ሰው፣ በተለይም በያዘው ቦታ ለመቀጠል በድጋሚ የሚወዳደረውን ያመለክታል። «ነባር ተወዳዳሪ» ልለው አስቤ ነበር፤ ረቂቁን ያየ የሥራ ባልደረባዬ ግን «ሦስት ጊዜ ተወዳድሮ ሦስቱንም ጊዜ የተሸነፈ ሰውስ ነባር ተወዳዳሪ አይባልም ወይ?» ሲል ሞገተኝ። ሹም፣ ሹመኛ፣ ተሿሚ፣ ባለሥልጣን፣ ኃላፊ ከሚሉት ውስጥ የትኛው ይስማማል ትላላችሁ?

ጃንተከል፦

ባልደረባዎ እውነት አላቸው፤ «ነባር» የሚናገረው ስለ ቆይታ እንጂ ስለ ሥልጣን አይደለም። ባለፈው ወር ቃለ መሐላ የፈጸመ ሰው ሥልጣን ላይ ነው፣ ነባር ግን አይደለም።

ከዘረዘሯቸው ውስጥ አንጋፋው «ሹም» ነው። ከግእዙ «ሤመ» ጋር የሚዛመድ ሲሆን ሁልጊዜም ከበላይ ሆኖ የሚሾም አካል መኖሩን ግድ ይላል። በቀድሞው ሥርዓት ከጭቃ ሹም ጀምሮ ነጋዴውን እስከሚያስተዳድረው ነጋድራስና ጎንደርን ይገዛ እስከነበረው ከንቲባ ድረስ ያሉት ሁሉ ሹሞች የሚባሉት በዚህ ምክንያት ነው። በድምፅ ብልጫ የተመረጠን ሰው ሹም ማለት ስለዚህ ለጆሮ ይጎረብጣል። ቃሉ አንድ ትልቅ ብልጫ ግን አለው፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት (ለሥነ ምግባር ትምህርት የሚመረጥ ባይሆንም) እንደሚያሳየው ሹመት ከሽረት ጋር የተጣመረ በመሆኑ፣ ሹም የሚባለው ሰው እስካልተሻረ ድረስ ብቻ ሹም ነው። «ሹመኛ» የሚለው ዛሬ ምሬት ወይም ሽሙጥ ስለሚሸተት ለመማሪያ ጽሑፍ አይሆንም። «ተሿሚ» ደግሞ የሚያተኩረው በሹመቱ ድርጊት ላይ ነው።

«ባለሥልጣን» የመሥሪያ ቤት መጠሪያም ስለሆነ ያደናግራል። የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሰው አይደለም፤ «ባለሥልጣኑ አስታወቀ» የሚለውን ዜና ያነበበ ተማሪ ግለሰቡ ይሁን ተቋሙ መግለጫ የሰጠው ከዐውዱ ካልሆነ ሊለይ አይችልም። ስለ «ኃላፊ» የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 12 ይመልከቱ፤ ስለ ተጠያቂነት ሲደነግግ ኃላፊንና የሕዝብ ተመራጭን በየስማቸው ይጠራቸዋል።

በእኔ በኩል «በሥልጣን ላይ ያለ ተወዳዳሪ» የሚለውን እመርጣለሁ። ቢረዝምም አያሳስትም።

አዘዞ፦

በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ጋዜጠኞች የሚያዘወትሩትን «የወቅቱ» የሚለውን ቅጽል እንዲጠነቀቁት አሳስባለሁ። «የወቅቱ ከንቲባ» በዜና ሲነገር የዛሬው፣ በታሪክ ጽሑፍ ሲሰፍር ደግሞ በዚያ ዘመን የነበረው ማለት ነው። ጽሑፍዎ በሁለት ዓመት ውስጥ ስለሚያረጅ «የአሁኑ» የሚለውም ቢሆን ቀን ካልተጠቀሰበት አይጠቅምም።

ቀሃ፦

እኔ ደግሞ «ተጠባባቂ» እና «ባላደራ» ከዚህ ጋር እንዳይቀላቀሉ እፈልጋለሁ። ተጠባባቂ ዋናው ኃላፊ እስኪመደብ ድረስ ቦታውን የሚሸፍን ነው። ባላደራ የሚባለው ግን፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 60 መሠረት ምክር ቤቱ ሲበተን የዕለት ተዕለት ሥራ ከማከናወንና ምርጫ ከማካሄድ ያለፈ ነገር፣ ለምሳሌ አዲስ አዋጅ ማውጣት፣ የማይፈቀድለት መንግሥት ነው። ሁለቱም ሥልጣን ላይ ናቸው፤ ሥልጣናቸው ግን ሙሉ አይደለም። ልዩነቱ ለቃላት ሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም፤ በ2012 ምርጫው በኮሮና ምክንያት ሲራዘምና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሰኔ ወር የምክር ቤቶቹ ዘመን እንዲቀጥል ሲወስን፣ እስከ ሰኔ 2013ቱ ምርጫ የሚቆየው መንግሥት ምን ተብሎ ይጠራ የሚለው ብዙ አከራክሯል። ለተማሪዎችዎ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚያገኙ አይመስለኝም።

ማራኪ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዐረፍተ ነገሩን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «በሥልጣን ላይ ያለ ተወዳዳሪ ስሙ በሕዝብ ዘንድ የታወቀ በመሆኑና ሥራውን በየጊዜው የማሳየት ዕድል ስላለው፣ ከአዲስ ተፎካካሪ ይልቅ ብልጫ ሊኖረው ይችላል።» አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ የምክር ቤት አባልንስ በዚሁ ልጥራው?

ጃንተከል፦

አይመስለኝም። «ሥልጣን ላይ ያለ» ሲባል በአስፈፃሚው ወገን ያለው ሰው ቀድሞ ትዝ ይላል፤ የተቃዋሚ ፓርቲ የምክር ቤት አባል በዚህ ስም ቢጠራ አንባቢው ግራ ይጋባል። ለእርሱ «መቀመጫውን የያዘው ተመራጭ» ይበሉ። «ወንበሩን የያዘው» ማለትም ይቻላል፤ ሆኖም እዚህ ጎንደር ወንበር ሲባል ወንበር ዘርግተው የሚያስተምሩ የአብነት መምህር የሚታሰቧቸው አንባቢዎች ስላሉ፣ እኔ ብሆን «መቀመጫ» የሚለውን እመርጥ ነበር።